እህቴ እንቁላሉ ውስጥ ያየችው

እናታችን የሞተችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ምዕራብ ዓባያ፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ፣ አባታችን የሙዝ ማሳ ነበረው። እህቴ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ያዘች። እኔን ግን አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርታኝ አታውቅም። የጭነት መኪና መጥቶ ሙዝ የሚጫንበት ቀን፣ ትንሽ ትልቁ ለሥራ ሲፈለግ እንኳ፣ ደብተሬን አስይዛ በጓሮ በኩል ታስወጣኝ ነበር። አባታችን ሲቆጣ "የሷንም ጨምሬ እኔ እሠራለሁ" ትለዋለች። እውነትም ትሠራ ነበር።

ሚሌኒየሙ ከመከበሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከኔ ይልቅ የተደሰተችው እሷ ናት። በዚያን ጊዜ አግብታ እዚያው ከተማ፣ ሲቀላ ትኖር ነበር። ባሏ ከጨንቻ በኩል የወረደ ደገኛ፣ የሶዶን መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እሷ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢ ወጥቼ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ሊጧን እየዳመጠች "ዛሬ ደግሞ ምን ተማርሽ?" ትለኛለች። ስነግራት ገብቷት ይሁን ስለወደደችኝ ይሁን አላውቅም፣ ብቻ እስክጨርስ ትሰማኛለች።

ስለ ሽል አፈጣጠር መጀመሪያ የተማርኩት ያኔ ነው። መምህራችን ባለቀለም ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ ሦስት ንብርብር ይሥላል፤ የላዩ ሰማያዊ፣ የመካከሉ ቀይ፣ የታችኛው ቢጫ። ከላዩ ቆዳና አንጎል፣ ከመካከሉ ልብና አጥንት፣ ከታችኛው አንጀትና ሳንባ ይወጣል። ሸመደድኩት፤ ፈተናውንም ደፈንኩት። እውነተኛ ሽል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ከሄድኩ በኋላ ነው።

አማካሪዬ ብዙ የማታወራ ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ከማስፈልፈያው ውስጥ እንቁላል አውጥታ፣ ቅርፊቱን በቀጭን መቀስ እንደ መስኮት ቆረጠችና "ነይ እይ" አለችኝ። አስኳሉ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። መሐላቸው ከምስር ፍሬ የምታንስ ቀይ ነጥብ ትርገበገባለች። ልብ ናት። ገና ላባ የለ፣ ክንፍ የለ፣ እግር የለ፤ ልቡ ግን ሥራ ጀምሯል። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ ልብ ሲመታ አየሁ!"

"የማን ልብ?"

"የጫጩት። ማለት ገና ጫጩት ያልሆነ፤ እንቁላል ውስጥ ያለ።"

"እሱን ለማየት ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው? እዚህ ጓሮዬ ዶሮ ሞልቶልሽ የለ እንዴ!" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን "ቆይ፣ ምን ይመስላል?" አለችኝ፤ ካርዴ እስኪያልቅ ነገርኳት።

እኔ ያጠናሁት ከልብ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚሆነውን ነው። ሽል መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋ ነው። በጀርባው በኩል ያለው ንጣፍ ቀስ እያለ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ሁለቱ ጠርዞች ይነሣሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ በመጨረሻ ይገጥሙና ቱቦ ይሆናሉ። አንጎላችንና ሕብለ ሰረሰራችን የሚሠሩት ከዚያ ቱቦ ነው። በዚያን ሰሞን ተመራማሪዎች ሕያው ሽል በካሜራ እየቀረጹ የእያንዳንዷን ሕዋስ እንቅስቃሴ መከታተል ችለው ነበር። ኢንተርኔቱ በደህና ቀን የሚያወርድልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ እያየሁ እውላለሁ። ሕዋሶቹ ከላይ በኩል እየጠበቡ፣ እየተገፋፉ፣ አንዱ ለሌላው በኬሚካል መልእክት እየላከ ንጣፉን ያጥፉታል። አዛዥ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን እየሰማ ድርሻውን ይሠራል። የሆነ ቦታ ላይ ጠርዞቹ ሳይገጥሙ ከቀሩ እዚያው ክፍት ይቀራል። በሰው ላይ ይህ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው ገና በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። አብዛኛዋ እናት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም።

ትምህርቴን ጨርሼ አርባ ምንጭ ተመለስኩና መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ። በማግሥቱ እህቴ ሻይ ቤቷ ለገባ ሰው ሁሉ "ይቺ እኮ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች" ስትል ዋለች። እኔ አፍሬ ስቀመጥ "ምን ታፍሪያለሽ፣ ቀና በይ!" አለችኝ።

እሷ ደግሞ ልጅ አጥታ ብዙ ዓመት ቆይታ ነበር። ስታረግዝ ቤቱ ሁሉ ሌላ ሆነ። ባሏ መንገድ በወጣ ቁጥር ካገኘው ቦታ ፍራፍሬ ሳይገዛ አይመለስም። ሆዷ ገፍቶም ሥራዋን አላቆመችም፤ አባታችን የሚልክላትን ሙዝ ከመኪና አውርዳ ትሸከም ነበር።

የወለደች ቀን ከባሏ ጋር ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ነበር። የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ባሏ ብድግ አለ። እልል የሚል ግን አልነበረም። አዋላጇ በሩን ገርበብ አድርጋ እኔን ጠራችኝ። ሕፃኗ በደረቷ ተኝታለች። ወገቧ ላይ በስስ ሽፋን የተያዘ ቀይ እብጠት ወጥቷል። ወዲያው አወቅኩት። መጻሕፍት ላይ ሥዕሉን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለተማሪዎቼም አሳይቼዋለሁ። በእህቴ ልጅ ጀርባ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

"ሴት ናት አይደል?" አለችኝ እህቴ ከአልጋዋ። "ጤነኛ ናት?"

"ሴት ናት፤ ቆንጆ ናት። ጀርባዋ ላይ የሚታከም ነገር አለ" አልኳት።

ሐኪሞቹ ሳይዘገይ አዲስ አበባ ሄዶ መዘጋት አለበት አሉ። ባሏ ከጓደኛው መኪና ለምኖ ራሱ እየነዳ ወሰደን። እህቴ ገና አራስ ናት። የሕፃኗ ጀርባ እንዳይነካ በደረቷ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ራሷ እየተናጠች ልጇን ሳታናውጥ አዲስ አበባ አደረሰቻት። አንድም ጊዜ ደከመኝ አላለችም። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቀኝ እግሯ ደካማ እንደሚሆን፣ ክትትልም እንደሚያስፈልጋት ነገረን። ለእህቴ ደግሞ "ሌላ ልጅ ከማሰብሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፤ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን አስቀድመሽ መውሰድ ይኖርብሻል" አላት። እሷ ግን በዚያን ሰዓት ያ ቃል ጆሮዋ የገባ አይመስለኝም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅሽ ትኖራለች መባሏን።

ችግሩ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንዷ ጎረቤት "ሙዝ ስትሸከሚ እኮ ብዬሽ ነበር" አለቻት። ከቸርቿ ምእመናን መሐል አንዲት ሴት ደግሞ ጸልያላት ስታበቃ "የተደበቀ ነገር ካለ ለጌታ ንገሪው" ብላት ሄደች። አማቷም ከጨንቻ ወረዱ። ጥሩ ሴት ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ቡላና ማር በጀርባቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ሕፃኗን ገልጠው አዩ፤ መልሰው ሸፈኑ፤ ከዚያ በጋሞኛ "ይህ ጎሜ ነው" አሉ።

ጎሜ በጋሞ ሰው ዘንድ የተከለከለውን መተላለፍ ነው፤ ድንበር መግፋት፣ ታላቅን መድፈር፣ የማይገባ ነገር መሥራት። ቤት ውስጥ መከራ ሲገባ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ምን እንደተበላሸ ይጠይቃሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ብዙ ጠብ በዚህ ሲበርድ ስላየሁ ነገሩን አልንቀውም። ለእህቴ ግን ጭንቀት ሆነባት። ምን እንዳጠፋች ትፈልግ ጀመር። ከአባታችን ጋር የተነጋገረችውን፣ ለጎረቤት የመለሰችውን፣ ልጅ ሳለች ያደረገችውን ሁሉ እያነሣች ታሰላስላለች። ሻይ ቤቱን ዘጋች። የሚጠይቋትን ሰዎች ዓይን መሸሽ ጀመረች። ያ "ቀና በይ" የሚል አንገት ተሰበረ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ልጠይቃት ሄድኩ። ልጇን እያጠባች ነበር።

"አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል?" አለችኝ ሳታየኝ። "እውነቱን ንገሪኝ። ምን አድርጌ ነው?"

"ምንም አላደረግሽም።"

"ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይለኛል፤ አንቺ ምንም ትይኛለሽ። እንዲያው ልታጽናኚኝ ነው።"

ስለ ንጣፉ፣ ስለ ጠርዞቹ፣ ስለ ቱቦው ነገርኳት። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች እንጂ ከልቧ እንዳልገባ ዓይኗ ይናገራል። ለተማሪዎቼ ስናገረው የሚያምረው ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ባዶ ሆነብኝ። ስለዚህ "እንግዲያው መጥተሽ በዓይንሽ እዪው" አልኳት።

ላብራቶሪያችን ውስጥ አንድ ያረጀ ማስፈልፈያ ነበረን። መጀመሪያ ከሱቅ የፈረንጅ እንቁላል ገዝቼ አስገባሁ። ስከፍተው አስኳል ብቻ ነው። አውራ ዶሮ ያላያት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ምን ይወጣዋል! እህቴ ይህን ስነግራት ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። "ዲግሪሽን የሰጡሽ ሰዎች ይህን አልነገሩሽም?" አለችና ከጎረቤቷ፣ ከአንዲት የሐበሻ ዶሮ ሥር የተለቀመ እንቁላል አምጥታ ሰጠችኝ። መብራት ሲሄድብኝ በጄሪካን ሙቅ ውኃ እያስገባሁ፣ የአርባ ምንጭም ሙቀት እያገዘኝ፣ እንቁላሎቹን አሞቅኳቸው።

የመጣችበት ቀን ዝናብ ጥሎ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ባጃጅ ይዛ መጣች፤ ሕፃኗን አቅፋ፣ የቸርች ልብሷን ለብሳ። ነጭ ጋውን ሰጠኋት፤ ሕፃኗን አጠገቧ አግዳሚ ላይ በደረቷ አስተኝታ ደረበችው። እንቁላሉን ከፈትኩ፤ ሽሉ ጎልቶ እንዲታይ ከሥሩ በቀጭን መርፌ ጥቁር ቀለም አስገባሁ። ከዚያ ማይክሮስኮፑን አስተካክዬ "አሁን እይ" አልኳት።

መጀመሪያ ምንም አላየችም። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ ሰው የራሱን ሽፋሽፍት ነው የሚያየው። ቀስ ብላ ዓይኗን አለማመደች።

"ነጭ... ነጭ ነገር አለ። ረጅም። መሐሉ ላይ መስመር አለው።"

"ያ መስመር ጠርዞቹ የገጠሙበት ነው። ወደ ጅራቱ ወረድ ብለሽ እዪ፤ እዚያ ገና አልገጠመም።"

ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ሳትል "ሳምቡሳ ነው እኮ" አለች። "ጠርዙን አጥፈሽ፣ አገናኝተሽ፣ ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረግሽ ትሄጃለሽ። ካልያዘልሽ ዘይት ውስጥ ይከፈታል።"

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስፈልገው የነበረ ምሳሌ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ሌላ ምሳሌ ተጠቅሜ አላውቅም።

ሌላ እንቁላል ከፈትን፤ ደህና ነው። ሌላም ደገምን፤ ልቡ መምታት ጀምሯል፤ እህቴ "ኢየሱስ!" ብላ ወደ ኋላ አለች። ቀጥሎ የከፈትኩትን ራሴ ቀድሜ አየሁት። በጭንቅላቱ በኩል ጠርዞቹ አልገጠሙም። ከሌሎቹ ይልቅ አድጓል፤ መግጠሚያው ጊዜ አልፏል፤ ግን ክፍት ነው። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ያን ቀን ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ላሳያት ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ። ከፊቴ ገብቷት "አምጪው" አለችኝ።

አየች። ከሌሎቹ ጋር እያቀያየርኩ አሳየኋት። የትኛው እንዳልገጠመ ሳልነግራት ራሷ አወቀችው።

"እነዚህ ሁሉ የአንዲት ዶሮ ናቸው?" አለችኝ።

"የአንዲት ዶሮ ናቸው።"

"አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የነበሩት? አንድ ሙቀት?"

"አንድ ላይ።"

"ታዲያ ይቺ ዶሮ ምን በደለች?"

"ምንም።"

"ከባድ ነገር አልተሸከመችም። ማንንም አልሰደበችም።" ቀና ብላ አየችኝ። "ምንም አላደረገችም?"

"ምንም አላደረገችም። አንዳንዴ ከዘር ይመጣል፤ አንዳንዴ ሰውነት ያ ቫይታሚን ያንሰዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱን እኛም አናውቀውም። አንቺ ሙዙን ስትሸከሚ የልጅሽ ጀርባ ከተሠራ ቆይቷል። ማርገዝሽን ሳታውቂ ነው ያለፈው።"

ሕፃኗን ከአግዳሚው አንሥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ሳምንት ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። እኔም ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲወጣላት ነጩን ጋውን አውልቃ በደንብ አጥፋ ሰጠችኝና "አማቴን ላምጣቸው?" አለችኝ።

እኔ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ወሰነች። አማቷ እንደገና ሲወርዱ ሌላ እንቁላል አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። ፎቁን ቀስ እያሉ ወጡ፤ ላብራቶሪው በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው። እህቴ ወንበሩን አስተካክላ አስቀመጠቻቸው። ማስረዳት ልጀምር አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። ራሷ፣ በጋሞኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ጠፍጣፋ መሆኑን፣ መታጠፉን፣ መግጠሙን፣ ከዚያ ቱቦ ራስና ጀርባ መሠራቱን በእጇ እያሳየች። አንዲት ስሕተት አልነበረባትም። ስንት መምህራን ፊት ጥናቴን አቅርቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን በሰው ንግግር የኮራሁበት ጊዜ የለም።

አማቷ አዩ። ልብ የሚመታውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ማነው የሚዘጋው?" ብለው ጠየቁ።

"እግዚአብሔር ነው፣ እማማ" አለች እህቴ። "የሚዘጋው ግን በነዚህ በትንንሾቹ ነው፤ እርስ በርስ እየተያያዙ። አንዳንዴ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ዶሮም ላይ ይሆናል፣ ፍየልም ላይ ይሆናል፣ ሰውም ላይ ይሆናል።"

"ፍየል ላይ አይቻለሁ" አሉ አማቷ። "ፍየሏን ግን ምን አጠፋሽ ብለን አልጠየቅናትም።" ተነሥተው ወደ እህቴ ሄዱ፤ ነጠላቸውን አወለቁና "ልጅቷን አምጪያት፤ ልዘላት" አሉ። እስከዚያን ቀን አዝለዋት አያውቁም ነበር። ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ፎቁን ወርደው፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ጨንቻ ሲመለሱ ለሽማግሌዎቹ "የምራቴ ቤት ጎሜ የለም" ብለው የተናገሩት ራሳቸው እንደሆኑ ከባሏ ሰማን።

ሻይ ቤቱ ተከፈተ። ልጅቷ አደገች። ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ቆመች፣ ከእግሯ ድጋፍ ጋር ዘግይታ ተራመደች። የመጀመሪያ እርምጃዋን የሄደችው ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ወደ አባቷ እቅፍ ነው። በዚያች ሰዓት የነበሩ ደንበኞች ሁሉ ብርጭቆአቸውን ትተው አጨበጨቡ። ከመናኸሪያው ረዳቶች አንዱ ለሶዶ ተሳፋሪ መጥራቱን ትቶ እልል አለ።

ሌላ ልጅ ሲያስቡ እህቴ ራሷ ሐኪም ዘንድ ሄደች። የታዘዘላትን ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ ወራት ቀደም ብላ ጀመረች፤ አንድ ቀን አላቋረጠችም። ከዚያ በላይ ጎመኑን፣ የሽፈራው ቅጠሉን፣ ባቄላውን በየቀኑ ትበላለች። ፍርሃት ግን አልጠፋም። እኔም ብዙ ከማወቄ የተነሣ ከእሷ ብሼ ነበር፤ የመጀመሪያው ወር እስኪያልፍ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። አልትራሳውንድ የታየች ቀን አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ እያመለከተ "ጀርባው ደህና ነው፤ ተዘግቷል" አላት።

"ጭንቅላቱም? ከላይም ከታችም?" አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። "ከላይም ከታችም። እስቲ ራስሽ እዪው" ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። የአከርካሪውን መስመር ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ወፍራም፣ ጩኸታም።

ከዚያ በኋላ እህቴን የሚያስቆማት አልተገኘም። ቀለበት ያሰረች ልጅ ሻይ ልትጠጣ ከገባች አትለቃትም። ሊጥ ታመጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትገልጣለች፤ "ያረገዝሽ ሲመስልሽ ዘግይቷል፤ አሁን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ፎሊክ አሲድ በያቸው" ትላለች። እንደ ልጇ ጀርባው ያልተዘጋ ልጅ የወለደች እናት ካለች ደግሞ ሚኒባስ ይዛ እስከ ምዕራብ ዓባያ፣ እስከ ጨንቻ ትሄዳለች። መጀመሪያ የምትላት ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

አንድ ዓመት ስለ ሽል አፈጣጠር የማስተምረው ክፍል እንግዳ አድርጌ ጋበዝኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ሊጧን በሰሐን ይዛ መጣች። በዚያ በአዳራሹ ፊት፣ አማርኛዋ መሐል ጋሞኛ እየገባበት፣ "እሱ" የሚባለውን "እሷ" እያለች፣ ተማሪዎቼን አንድ ሰዓት ሙሉ ይዛ ቆየች። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ያኔ ተስፋ አልቆረጡም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ቆርጬ ነበር" አለች እህቴ። "ከዚያ አየሁ። ሰው ያየውን ነገር እንደሰማው አይፈራውም።"

ጭብጨባው ሲበዛባት ወደ እኔ ዞራ "በቃ አስቁሚያቸው" አለችኝ። አላስቆምኳቸውም። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እኔም አጨበጨብኩ። ያን ቀን ለባልደረቦቼ ሁሉ አስተዋወቅኳት፤ ባገኘሁት ሰው ፊት "እህቴ ናት" እላለሁ፤ አፌ አልጠግብ አለ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት እህቴና እኔ ሁለታችንም ሸኘናት። እግሯ ላይ ድጋፉ አለ፤ ቦርሳዋን ራሴ ካልያዝኩ ብላ ተከራከረችን። በሩ ላይ አንዲት የእሷ እኩያ ልጅ እግሯን አየችና "እግርሽ ምን ሆኖ ነው?" አለቻት። እህቴ ወደፊት ልትል ስትል ክንዷን ያዝኩት።

ልጅቷ ቆም አለች። "እናቴ ሆድ ውስጥ ስሠራ ጀርባዬ ትንሽ ሳይዘጋ ቀረ" አለቻት፤ ስሟን የምትነግር ያህል ቀለል አድርጋ። "ሐኪም ዘጋው። አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

ሁለቱም አንደኛ ክፍል ነበሩ። ተያይዘው ገቡ። እህቴ እስኪሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ "ነይ እንሂድ፤ ዘይቱን ጥጄ ነው የመጣሁት" አለችኝና እየሮጠች ባጃጅ ጠራች።